ከ«ሁለቱንም» መሐል ስለወደቀችው «ቱ»

ለክቡር የጥርስ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣
ለዚሁ ክፍል የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣
ከላይኛው ድዴ አሥራ አራት ጥርስ በአንድ ረፋድ ለነቀሉት ክቡር ሐኪም፤

ሦስቱም እርስዎ ስለሆኑ አንድ ደብዳቤ ይበቃል ብያለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ሁኔታ፣ በተለይም የቀኝ ትከሻዎን፣ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ያን ዕለት የመጨረሻው መንጋጋዬ አልወጣም ብሎ ሲያስቸግርዎት፣ ጉልበትዎን ደረቴ ላይ ተክለው እየጎተቱ «ኧረ እኚህ ሰውዬ ክንዴን ሊገነጥሉት ነው!» ሲሉ ስለሰማሁ፣ ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ ደህና ነኝ። ደም የምተፋው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው።

ይህን በጽሑፍና በአደባባይ የማቀርበው ልናገረው ስለማልችል ነው።

ከአፌ ውስጥ በስተቀር ሌላ አካሌን ያዩት ስለማይመስለኝ ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አዳራሽ ባለጉዳዮችን በየስማቸው የምጠራው ሰው ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ያለ ድምፅ ማጉያ ጠርቻለሁ፤ የማንንም ስም አበላሽቼ አላውቅም። ይህን የምለው ለኩራት አይደለም። ሌላ የማውቀው ሥራ ስለሌለ ነው።

ቅሬታዬን ለእያንዳንዱ ጥርስ አንድ፣ በአሥራ አራት ነጥብ ላቀርበው አስቤ ነበር። ጊዜዎን ላለመሻማት በአራት አሳጥሬዋለሁ።

1. ስለ ቃሉ። ያመሙኝ ጥርሶች ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም ከላይ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። በማደንዘዣው ከንፈሬ የሌላ ሰው ከንፈር ከሆነ በኋላ፣ «አባባ፣ አንዱን ነው ሁለቱንም?» ብለው በትሕትና ጠየቁኝ። ሁለቱንም አልኩ። ልል ሞከርኩ ማለት ይሻላል። «ቱ» የምትወጣው ምላስ ከላይኞቹ ጥርሶች ሥር ሄዶ ሲመታ ነው፤ ምላሴ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር። «ቱ» ከመሐል ወደቀች። ካርድ የምትጽፈው ሲስተር የቀረውን ሰምታ «ሁሉንም» ብላ ጻፈች። የእጅ ጽሑፏ እጅግ ያማረ ነው፤ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

2. ስለ ትጋትዎ። ሦስተኛው ሲነቀል ስህተት መኖሩ ገባኝ። አፌ በጎማ ተወጥሮ ስለነበር የወንበሩን ክንድ በጡጫ ደበደብኩ፤ እርስዎም «ጎበዝ! እንዲህ ነው ወንድ!» አሉኝ። የመሣሪያውን ጠረጴዛ በእግሬ መታሁት፤ ጉጠቱም መርፌውም ወለሉ ላይ ተበተነ። «ያዢልኝ!» አሉ፤ ሲስተር ጭንቅላቴን በብብቷ ቆልፋ ያዘችልዎት። ከዚያ በኋላ ድምፁ ብቻ ቀረ። ሥር ከአጥንት ሲላቀቅ የሚሰማው ድምፅ በጆሮ አይደለም የሚገባው። ከውስጥ ነው። ምስማር ከደረቀ ሳንቃ ሲፈለቀቅ ዓይነት፤ ሳንቃው ግን እኔ ነኝ። ክራንቻዬ መሐል ላይ ሲሰበርብዎት ስብርባሪውን በመሮና በመዶሻ አወጡት። መትፊያው ሞላ። አሥራ ሁለት ጤነኛ ጥርሶች ከሁለቱ ሕመምተኞች ጋር ሣህኑ ላይ ሲወድቁ፣ ሥራዬ ልማድ ሆኖብኝ ሳይሆን አይቀርም፣ ለእያንዳንዳቸው ስም ላወጣላቸው እሞክር ነበር። አንዳቸውም አቤት አላሉም። ሲጨርሱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «የታችኞቹን ሌላ ቀን፤ ዛሬስ ደክሞኛል» አሉ። ስለ ድካምዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ለጊዜው ያዳነኝ እሱ ነው።

3. ስለ ስጦታዎ። የሰጡኝ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ከእኔም ይልቅ ደስተኛ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ሳስቀምጠው ፈገግ ይልብኛል። ሳደርገው የግራ ጠርዙ ድዴን ቆርጦ ይገባል፤ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሯል። ዳቦ ስነክስ ጉንጬን፣ ጉንጬን ላድን ስል ምላሴን እነክሳለሁ። ምላሴ ቀኑን ሙሉ ቤቱ እንደተዘረፈበት ሰው ግድግዳ እየዳበሰ ይዞራል፤ እዚህ ሣጥን ነበር፣ እዚህ በር ነበር። ባለቤቴ ጥቂት ቀን አየችኝና «ስማ፣ ወይ አኝክ ወይ አውራ፤ አንድ ላይ ስታደርጋቸው እኔን ልትበላኝ የመጣህ ነው የሚመስለኝ» አለች። ሳቀች። የዳቦ ቢላውን ጣቶቼ እስኪነጡ ድረስ ጨብጬ መያዜን ያየሁት ያኔ ነው። እርስዎን እያሰብኩ ነበር።

ከነቀላው በኋላ ወደ ሥራ በተመለስኩበት በመጀመሪያው ቀን ስሙ በ«ጠ» የሚጀምር ባለጉዳይ ጠራሁ። የሰጡኝ ጥርስ ተስፈንጥሮ የመዝገብ ሹሙ ፊት ካለው ፋይል ላይ አረፈ። በአንድ ግድግዳ ሰባት ዓመት ሲካሰሱ የኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ተደጋግፈው ሳቁ። ሹሙ በመሐረብ አንስቶ ሰጠኝና፣ «ጋሼ፣ ሕክምናቸውን ጨርሰዋል የሚል ወረቀት እስኪያመጡ ቤት ይረፉ» አለኝ።

4. ስለ ፍርድዎ። ካርዱ እንዲታረም አመለከትኩ። ኮሚቴው፣ ማለትም እርስዎና ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ያችው ሲስተር፣ አስጠራችሁኝ። «አባባ፣ ባጭሩ ይመልሱልን፤ ስንቱን ነበር ንቀሉልኝ ያሉት?» አሉኝ። ለዚህች ጥያቄ ሦስት ቀን መስታወት ፊት ተለማምጄ ነበር። ቆምኩ። ኮቴን አስተካከልኩ። ምላሴ ወደ «ቱ» ሲነሣ ጥርስዎን ገፋው፤ ከላንቃዬ ተላቅቆ ወረደና ቀጭ አለ። «ቱ» ከሥሩ ተጨፍልቃ ሞተች። ሲስተር ቀና ሳትል ጻፈች፤ አመልካቹ ሁሉንም ማለታቸውን በራሳቸው አንደበት አረጋግጠዋል። ወረቀት እንዲሰጡኝ በእጄ ምልክት ሳሳይ፣ የተሰናበትኩ መስሎዎት እጅዎን አወዛወዙልኝ። ለመልካም አሸኛኘትዎ አመሰግናለሁ።

አንዳንዴ ራሴን እጠራጠራለሁ። ምናልባት በእርግጥ ሁሉንም ብዬ ይሆን? ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ እኔ ግን ያልኩትን የሰማሁት በእኔው ጆሮ ብቻ ነው። ባለቤቴን ከጎን ካለው ክፍል ሆና እንድታዳምጠኝ አደረግኳትና ቃሉን አምስት ጊዜ አልኩት። ምን ሰማሽ አልኳት። «ተወኝ እባክህ» አለች። ዓይኗን ስታብስ አየኋት።

ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። ካርዱ «ሁሉንም» ስለሚል የታችኞቹ አሥራ ሦስት ጥርሶቼ ይነቀላሉ። ባልመጣ ሕክምናዬ አልተጠናቀቀም፤ ካልተጠናቀቀ ድዴን የሚቆርጠው ጠርዝ አይሞረድም፣ ወረቀቱም አይሰጠኝም፤ ወረቀቱ ከሌለ ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ እመጣለሁ። የምለምንዎ የቃል እርማት ብቻ ነው። «ሉ» ትሰረዝና በቦታዋ «ለቱ» ትግባ። ቀይ ቀለም ካለቀብዎት ከአፌ እሰጥዎታለሁ።

ትከሻዎ እንዲበረታ፣ ሦስቱም ሹመትዎ እንዲጸናልዎት፣ ጥርሶችዎም ከነሥራቸው በያሉበት እንዲቆዩልዎት እየተመኘሁ፣ በጎደለ አፍና ባልጎደለ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ከላይ የእርስዎ፣ ከታች ገና የራሱ የሆነው
ስም ጠሪ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ማደንዘዣ አልወስድም። ስጦታዎንም አድርጌ እመጣለሁ፤ ስናገር ይወድቃል እንጂ ስነክስ አይወድቅም። ትናንት ለልምምድ የአናጢ እርሳስ ለሁለት ቆርጬበታለሁ። ካርዱ ሳይታረም ጣቶችዎ ወደ አፌ ከገቡ አፌ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ «ልቀቀኝ» እያሉ የጣትዎን ቁጥር ይጠሩ ይሆናል። በጭንቅ ውስጥ የተነገረ ቃል እንዴት እንደሚሰማ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና፣ ኋላ እንዳንካሰስ፣ ስንት ጣት እንዲመለስልዎት እንደሚፈልጉ ከወዲሁ በጽሑፍ ያሳውቁኝ። እባክዎን፣ በግልጽ የእጅ ጽሑፍ። ሲስተር ትጻፍልዎት።