ሮተንቡርግ በሽማግሌ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ። ማታ 1፡30

ዛሬም ኦቢዶሽ። እራት ላይ ኦቢዶሽ፣ ሻይ ላይ ኦቢዶሽ። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ ነጫጭ ቤቶች ያሳየኛል፣ ከግርጌያቸው ሰማያዊ የተቀቡ። ቆንጆ ናቸው፣ አልካድኩም። ግን ባለቤቴ ይልማ (ከአሁን ጀምሮ ይ. ብቻ፤ ሙሉ ስሙን ለመጻፍ አቅም የለኝም) ፖርቱጋልን ለምን እንደመረጠ ስሚ ደብተሬ። የኛን ግንብ የሠሩት ሰዎች አገር ስለሆነ! ጎንደር ተወልዶ፣ ጎንደር አድጎ፣ መሐንዲስ ሆኖ፣ ዩኒ. ታሪክ የምታስተምር ሚስት አግብቶ። ዐፄ ፋሲል እኮ ኢየሱሳውያኑን፣ የፖርቱጋሎቹን ካህናት፣ ካባረረ በኋላ ነው ጎንደርን የቆረቆረው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ስልኩን ማየት ቀጠለ። ምግቡ አስጠላኝ፣ ትቼው ተነሣሁ።

የኔ ሮተንቡርግ ነው። ጀርመን። ከተማው ዙሪያውን በግንብ የታጠረ፣ ግንቡ ላይ ጣሪያ ያለው መሄጃ። ዝናብ ቢጥል እንኳ ከላይ ሆኖ መዞር ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ ተማሪ ሳለሁ ፎቶውን አይቼ ልቤ እዚያው ቀረ። ሳንጋባ ለይ. ነግሬው እወስድሻለሁ ብሎኛል። ከሠርጉ በኋላ መንገድ ተዘጋ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ሆስፒታል። ገና ዘንድሮ ነው ሁለታችንም ለሐምሌ እረፍት ያገኘነው። ለቪዛው ዋናውን አገር መወሰን አለብን።

የምፈልገውን በግልጽ ልጻፍልሽ። "ምነው ዝም አላችሁ?" የማንባልበት ቦታ። ሆዴን በዓይኗ የምትለካ ሴት የሌለችበት ገበያ። ባሌና እኔ ብቻ። ተጋብተን ዓመታት ሄዱ፣ ልጅ የለንም። ሐኪሙ አምና ነግሮናል፤ በኔ በኩል ምንም የለም፣ ችግሩ በይ. በኩል ነው። ለእናቴ እንኳ አልተናገርኩም። ይ. እጄን ይዞ አለቀሰ፣ ለማንም አትንገሪ አለኝ። ስለምወደው ዝም አልኩ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ፌስቡክ ላይ አወጣው! ሁለቱን ከተማ ጎን ለጎን ለጥፎ፣ የቱ ይሻላል ወገን ብሎ። አገር ምድሩ ድምፅ ሰጠ። አይከል ከተማ የሚኖረው የአክስቱ ልጅ ኦቢዶሽ አለ፤ ምክንያቱም መጠጡ በቸኮሌት ኩባያ ይቀርባል። የመ/ቤታቸው ጥበቃ ሮተንቡርግ፣ ዕድሜ ይስጠው። አንዲት የማላውቃት ሴት ደግሞ ልጁ ይቅደም፣ ሽርሽሩ ይደርሳል ብላ ጻፈች። ይ. ላይክ አደረገላት። ያውም በልብ። ምነው ስለው ለሁሉም ነው የማደርገው አለ።

ጮህኩ። እሱም ጮኸ። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶች ቴሌቪዥናቸውን ቀነሱ።

አሁን አምባ ጊዮርጊስ ደውሎ አጎቱን አያ ሞላን እየጠራ ነው። ሽማግሌ! ለጀርመንና ለፖርቱጋል ሽማግሌ! ሳቅሁበት። የምሩን ነው።

ሰኔ 8፣ እሑድ። ከቀኑ 11፡00

መጡ። አያ ሞላ፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ካሱ፣ አማቴም ተከትለው። እናት ሽምግልና ላይ አይቀመጡም ብዬ ነበር። እኔ ጓዳ ነኝ አሉ። ጓዳው በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ሳሎን።

ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን ቀረበ። ከዚያ አያ ሞላ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ከሳሽ ይቅደም አሉ። ይ. ተነሥቶ ስለ ኦቢዶሽ አስረዳ፣ ስልኩን እያዞረ። መምሬ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ቤተ ክርስቲያን አለው ወይ? አለው። የኛ ነው ወይ? አይደለም። ተራዬ ደረሰ። ግንቡ ላይ እንደሚኬድ ነገርኳቸው። አያ ሞላ ከልብ ሰሙኝ። ገበሬው የት ያርሳል፣ ውሃው ከየት ይቀዳል፣ ግንቡን ማን ይጠግነዋል እያሉ ጠየቁ። ሸጋ አገር ነው አሉ። ይ. አንድም ቀን እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም።

በረንዳ አስወጥተውን መከሩ። ፍርዱ፦ ግማሹ ሳምንት ጀርመን፣ ግማሹ ፖርቱጋል። ሁለቱ ይራራቃሉ ብል አያ ሞላ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ አይከል ካለው ይበልጣል ወይ አሉኝ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። አማቴ ከበርጩማቸው ሳይነሡ፦

"ምነው መምሬ፣ ዋናውን ተዋችሁትሳ! መሐን ሴት ይዞ ባሕር ማዶ ምን ይሠራል? መጀመሪያ ጠበል ትግባ እንጂ!"

መሐን። በቤቴ። ሽሮዬን በልታ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ አንቱታ የላትም።

ይ.ን አየሁት። ምንጣፉን ያያል። ጠበቅሁ። አያ ሞላ እንኳ አፍረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መምሬ፣ ጠበል ለማንም አይከፋም፣ ትግባና ትምጣ፣ ከተሞቹ የትም አይሸሹም አሉ። ይ. ቀና አለ። አሁን ይናገራል አልኩ።

እሺ አለ። እሺ አባቴ አለ።

ጉልበታቸውን ስሜ ሸኘኋቸው። ሳህኑን ሁለቴ አጠብኩት፣ አልጠራልኝም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ። ቢሮ

ፈተና እያረምኩ። አንድ ተማሪ የጎንደርን ግንብ ፖርቹጋሎች ሠሩት ብሎ ጽፏል። ዜሮ። በሌላ ቀን ለእጅ ጽሑፉ ትንሽ አዝንለት ነበር።

ይ. ደጋግሞ ደወለ። አላነሣሁም። ቤት ስገባ ምን አጠፋሁ የሚል ፊት ይዞ ሊጠብቀኝ ነው።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ። ሚካኤል

ከቅዳሴ ስመለስ ይ. ፉል ሠርቶ ጠበቀኝ። አሳርሮታል። አጠገቤ ተቀምጦ፣ ሮተንቡርግ እንሂድ አለኝ። ኦቢዶሽ ቀረ። ሆቴልም በኔ ኢሜይል ይዟል፣ መስኮቱ ወደ ግንቡ ነው። አንገቱን ላቅፈው እጄን አነሣሁ።

ጨረሰ መስሎኝ ነው። ጠበሉን ለናቴ ብለሽ ጥቂት ቀን ግቢ፣ ከዚያ በቀጥታ እንበራለን አለ። ያኛው ነገር በኛው መካከል ይቅር፣ እሺ?

ከተማዬን ለአፌ መዝጊያ አመጣልኝ። ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። እሱ አስጠላኝ፣ ፉሉ አስጠላኝ፣ ከሁሉ ደግሞ እኔ ራሴ፤ መስኮቱን እያሰብኩ እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

አላልኩም። ለእናትህ በራስህ አፍ ንገራት አልኩት፣ ሐኪሙ ያለውን። ከነገርካት ኦቢዶሽም እሄዳለሁ። በየመንገዱ ስለ ፖርቹጋሎች ብታወራ ቃል አይወጣኝም። ጠበሉም ጸሎት ነው፣ አብረን እንገባለን። ካልነገርካት ግን እኔ ካንተ ጋር የትም የለሁም።

ቅዳሜ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ አለ። ያረረውን ፉል ከድስቱ ይፍቅ ጀመር። አሳዘነኝ። እወደዋለሁ እኮ፣ ምን ላድርግ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ጠዋት። ሄደ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ እናቱ ዘንድ። ሸሚዙን ተኩሼለት። ጉም ነው፣ ከመስኮት ማዶ ምንም አይታይም።

ከሰዓት። ስልክ የለም። ሲጨንቀኝ ኢንተርኔት ላይ ኦቢዶሽን አየሁ። ያን ያህል አይከፋም። ግንቡ ላይ ይወጣል፣ ግን መደገፊያ የለውም፤ ይ. ከፍታ ይፈራል፣ እይዘዋለሁ። አንድ ቢጫ የተቀባ ቤት አለ፣ በሩ ዝቅ ያለ። ጎንበስ ብሎ ሲገባ ታየኝ። ብቻ ይናገር። ይናገርልኝ እንጂ የፈለገበት እሄዳለሁ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ትናንት ሲመሻሽ ገባ። ማር ይዞ። ፊቱ በርቷል። ነገርኳት አለኝ። በሩ ላይ አቅፌው አለቀስኩ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። አዘነች ግን ተቀበለች አለ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ፖርቱጋል ፖርቱጋል ስል ነበር ደብተሬ፣ ሻይ እየጣድኩ።

ከዚያ ቃል በቃል ምን አልካት አልኩት። እንዲያው ለመስማት፣ ደስ እንዲለኝ።

ሐኪሙ ችግሩ የሁለታችንም ነው ብሏል አልኳት አለ። ትንሽ ከኔ፣ ትንሽ ከሷ። እናት ናት፣ ሙሉውን አትችለውም። አንቺ ደግሞ ጠንካራ ነሽ። ዓይኑን በጨው አጥቦ! ማሩም ያንቺ ነው አለኝ፤ ለማኅፀን ጥሩ ነው ብላ የላከችልሽ።

ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው። ተውኩት።

ዛሬ ጠዋት ማሩን ለጎረቤቶቹ ሰጠሁ። የሆቴሉን ክፍል ወደ አንድ ሰው ቀየርኩ። የቪዛውን ማመልከቻ ለብቻዬ ሞላሁ፦ ጀርመን። ጠበል አልገባም፣ ኦቢዶሽ አልሄድም። ስመለስ ወደዚህ ቤት መመለሴን አላውቅም፣ ይህንንም ነግሬዋለሁ።

ይ. በር ላይ ቆሟል። ምን አጠፋሁ አላለም፣ እሱ እንኳ ቀርቷል። ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል ነው ያለኝ፣ ለምን ብቻዋን ሄደች ሲሉኝ።

ግማሹን ንገራቸው አልኩት።