በአራት ዓመቴ አባት ላደረገኝ የቤተሰብ መዝገብ ቤት

ለተከበሩ የቤተሰብ መዝገብ ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎስ ይመችዎታል? እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፣ ደረጃችሁን ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ ማንም ሳይረዳኝ እየጻፍኩ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ ሟቿ ባለቤቴ ናት፤ ጽሑፌ ከተጣመመ በእሷ አይፍረዱ፣ ተማሪው ድንጋይ ራስ ነበር።

አቤቱታዬ ትንሽ ነው። አንደኛ፣ የባለቤቴ አባትና እኔ ስማችን አንድ ነው፤ መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ያዛወረው ትጉ ሠራተኛችሁም ከስሟ ቀጥሎ የእኔን ስም ቢያገኝ ጊዜ፣ ልጄ አድርጎ መዝግቧታል። አማቼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከነጭራሹ ጠፍተዋል።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ በአራት ዓመት ስለምታንሰኝ፣ በአራት ዓመቴ ወልጃለሁ። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ፤ እናቴ ግን በዚያ ዕድሜዬ አፍንጫዬን እንኳ የምትጠርግልኝ እሷ እንደነበረች ነበር የምትነግረኝ።

ሦስተኛ፣ የወለድኳቸው ልጆች የልጅ ልጆቼ ሆነዋል። ትልቁ ልጄ ሰሞኑን በስልክ «አያቴ፣ እንደምን አደሩ?» እያለ ይሳለቅብኛል።

ስህተት የሚያጣራውን ባለሙያችሁን ብጠይቀው፣ «አባባ፣ ኮምፒዩተሩ እኮ ስህተት የለም ብሏል» አለኝ። ኮምፒዩተሩን ሰላም በሉልኝ፤ ሰርጌ ላይ ስላልነበረ አልቀየመውም።

ብቀልድም ነገሩ አንጀቴን አሳርሮታል። ከመቃብሯ አጠገብ ለባሏ የተተወ ቦታ አለ፤ የመቃብር ስፍራው ኃላፊ ግን የእናንተን ፋይል አይቶ፣ ባል ስለሌላት ቦታው ለሌላ ይሰጣል ብሎኛል። በኖርንበት ዘመን ሁሉ አልጋችን ላይ በግድግዳው በኩል የምትተኛው እሷ ነበረች፤ አሁንም እሷ በአጥሩ በኩል አርፋለች፣ በመንገዱ በኩል ያለው ቦታ የእኔ ነው።

ስለዚህ እባክዎ ባልነቴን ይመልሱልኝ። የቀረውን ዕዳዬን ራሴ እጨርሰዋለሁ፦ ከአናጺ ጎረቤቴ የተዋስኩትን መጋዝ እመልሳለሁ፤ ያኮረፍኩትን ወንድሜን ቤቱ ድረስ ሄጄ እስመዋለሁ፤ ለባለቤቴም አንድ ቀን በራሴ እጅ እጽፍልሻለሁ ያልኳትን ደብዳቤ ጽፌ፣ መቃብሯ ላይ ቆሜ አነብላታለሁ።

ደረጃችሁ ያላደከመው፣ ፋይላችሁ ግን ሚስቱን የነሳው፣
አክባሪዎ ሽማግሌ

ማስታወሻ፦ በርዎ ላይ የተለጠፈውን ስምዎን አነበብኩት፤ የአባትዎ ስምም የእኔው ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በመሥሪያ ቤታችሁ አሠራር አንተም ልጄ ነህ ማለት ነው። ነገ ስመጣ ተነስተህ ወንበሩን ልቀቅልኝ።