ለአባባ የቀረችው ቃል

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው። አፌ ላይ የነበረው ሌላ ነበር፤ እሱን ብጽፈው ግን የመጀመሪያውን መስመር አንብበህ ትቀደው ነበርና ተውኩት። ስልክ ያልደወልኩልህም ስለማውቅህ ነው። እኔ ስናደድ ቃል ይጠፋኛል፤ አንተ ደግሞ ይኼኔ «እታለም፣ ተረጋጊ እስቲ፣ አሁን የሚናገረው የአንጎልሽ የቁጣ ክፍል ነው» ትለኛለህ። እንግዲህ የቁጣ ክፍሌ ዛሬ እስክሪብቶ ይዟል። ቁጭ ብለህ አንብብ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የስፌት ቤታችን ምን እንደሚመስል አይተህ አታውቅም። የአንተ ፕሮግራም ሊጀምር ሲል አባባ ግራ እጁን ከፍ ያደርጋል፤ ወዲያው መኪናዎቹ ሁሉ ይቆማሉ። ዘምዛሚያችን እግሯን ከፔዳሉ ላይ ታነሳለች፣ ተኳሹ ካውያውን ነቅሎ ያስቀምጣል፣ ሊለካ የመጣ ደንበኛ ካለም ሜትሩ ትከሻው ላይ እንደተንጠለጠለ ይጠብቃል። አባባ በደህናው ጊዜ መብራት ሲጠፋ እንኳ ሥራ አያቆምም ነበር፤ በእግር መኪናዋ ይቀጥላል እንጂ። ላንተ ግን ይቆማል። ልጁ በሬዲዮ ስለ ሰው አንጎል ሊናገር ነዋ!

እኛም ይኸው ተማርን። የሰው ልጅ ከአንጎሉ አሥር በመቶውን ብቻ ነው የሚጠቀመው የሚባለው ተረት ነው ብለህ ለአንዱ አድማጭ ስትመልስ ዘምዛሚያችን «ታዲያ የእኔ ባል ቀሪውን የት አስቀምጦት ነው?» ብላ አሳቀችን። እኛ ስንተኛ አንጎል እንደማይተኛ፣ የሰው መልክ እያስታወስን ስሙ ለምን እንደሚጠፋን፣ ሁሉንም ካንተ ሰማን። አንጎል ራሱ ቢነካ ሕመም አይሰማውም ያልክ ቀን አባባ በግራ እጁ ጭንቅላቱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ፈገግ አለ። ያን ቀን ኮርቶብህ ነበር፤ እኔም ኮርቼብህ ነበር።

ስትሮኩ ቀኝ ጎኑንና ንግግሩን ሲወስድበት መጥተሃል፤ አልካድኩም። ከሐኪሞቹ ጋር በሚገባችሁ ቋንቋ አውርተህ፣ እኔን ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገህ ተመለስክ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ሁሉ ቃል፣ ከዚያ ሁሉ ጨዋታና ስድብ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው። «ድንቡሼ»። በልጅነትህ ጉንጭህን እየቆነጠጠ ያወጣልህ ስም።

ውሃ ሲፈልግ «ድንቡሼ» ነው። መቀሱ ሲወድቅ «ድንቡሼ» ነው። ያቺን የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፣ ወገቧን ስንለካ ትንፋሿን የምትውጠዋን፣ እጇን ይዞ ከልቡ «ድንቡሼ!» ብሎ ቢቀበላት ቀሚሷን ተለክታ ሳትጨርስ ወጣች። እኔ መንገድ ድረስ ተከትያት ወጥቼ የሆነውን ባስረዳት፣ ለቅሶና ሳቅ አንድ ላይ መጣባት። ተመልሳ ገብታ ግንባሩን ሳመችው። እንዲህ እንዲህ እያልን ነበር የምንኖረው።

እኔንም «ድንቡሼ» ነው የሚለኝ። የማጥበው እኔ፣ የማለብሰው እኔ፣ ደረጃ ሲወጣ ክብደቱን የምሸከመው እኔ፤ ሲጠራ ግን አንተን። ልዋሽህ አልፈልግም፣ ውስጤ እርር ድብን ይል ነበር። ቢሆንም በጠራ ቁጥር «አቤት አባባ» እያልኩ እሄዳለሁ። የንግግር ሐኪሟ አደራ ብላኛለች፤ «ያለችውን ቃል ቀማችሁት ማለት በሩን ዘጋችሁበት ማለት ነው፤ ሌላው ቃል ከመጣ የሚመጣው በእሷ ላይ ተቀጥሎ ነው። ሲጠራ መልሱለት» ብላ። እውነትም እየቆየ ቃሏ መልክ እያወጣች መጣች። ቆጣ ሲል ቁርጥ ያለች ናት፣ ውሃ ሲሻ ሳብ ያለች፣ ሲቀልድ ደግሞ መጨረሻዋ ላይ ሽቅብ የምትል። አንድ ጊዜማ በጠመኔ የኮት እጅጌ እያሰመረ «ድንቡሼ... ና» ብሏል። ዘምዛሚያችንም ሰምታለች። ሐኪሟ ስትሰማ አጨበጨበች።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።

አንዲት ሴት ደወለችልህ።  «ባለቤቴን ስትሮክ መታብኝ። ከዚያ ወዲህ የሚለው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ የኔን ስም። ዘመዶቹ ዝም ብሎ ነው የሚያወራው ይሉኛል። እውነት እየጠራኝ ነው ወይስ ዝም ብሎ ነው?» አለችህ። አባባ ወንበሩን ወደ ሬዲዮው ጠጋ አደረገ። እኔ የማልረባዋ ደግሞ በደንብ ይስማ ብዬ ድምፁን ጨመርኩለት።

አንተም መለስክላት። «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ የተጫረ ሸክላ አንድ ቦታ ላይ እየተመለሰ እንደሚደጋግመው ማለት ነው። አንጎል ከፍርስራሽ ውስጥ ያተረፋት ድምፅ ናት፣ ትርጉም የላትም። የገዛ አባቴ የእኔን የቤት ስም ማንኪያውንም፣ ወንበሩንም፣ ድመቷንም ይጠራበታል።» አብሮህ ያለው ጋዜጠኛ በሳቅ ፈነዳ። «ማን ነው ታዲያ የቤት ስምህ?» ሲልህ ነገርከው። አንተም ሳቅክ። ከዚያ ለሴትየዋ «ስለዚህ እህቴ፣ ፍቅር ነው ብለሽ አትቁጠሪው» አልካት።

እኛ ቤት የሳቀ የለም። ተኳሹ አንድ ሸሚዝ አነሳና መልሶ አስቀመጠው። አባባ በምርኩዙ ተነስቶ፣ ማንም እንዲደግፈው ሳይፈቅድ፣ ሬዲዮው ጋ ሄደና በግራ እጁ አጠፋው። ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ዘምዛሚያችን መኪናዋን አስነሳች፤ እኛም ተከተልናት፤ ምን እናድርግ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ አፉን ዘጋ። ውሃ ሲፈልግ በጣቱ ያሳያል። ሐኪሟ ዘንድ ልውሰድህ ስለው ምርኩዙን መሬት ላይ ይተክላል፣ ንቅንቅ የለም። ሐኪሟ ቤት ድረስ መጥታ ብትለማመጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በር ላይ ስሸኛት «እንዲህ ከቆየ ያገኘውንም ያጣዋል» አለችኝ።

በማግስቱ የላክህልኝ መልእክት እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። «አባባ ፕሮግራሙን እንዴት አገኘው?» ትላለህ። እኔን ያበገነኝ ይኼ ነው፣ ወንድሜ። እንደሚሰማህ ታውቃለህ! እንደሚሰማህ እያወቅክ ነው የተናገርከው። ይሰማል ብለህ ታምናለህ፣ ይገባዋል ብለህ ግን አታምንም። ሳይንሱ ልክ ሊሆን ይችላል፣ አልከራከርህም፤ እኔ እጅጌ መግጠም እንጂ አንጎል መግጠም አልተማርኩም። ግን አባትህን፣ ያን ቀልደኛ ሰውዬ፣ ለማያውቀው ጋዜጠኛ መሳቂያ ስታደርገው ምላስህ እንዴት እሺ አለህ? ያቺ ምስኪን ሴትዮስ ያን ቀን ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ ክፍል ስትመለስ ምን ይዛ ተመለሰች? አንጎል ሕመም አይሰማውም ብለህ አስተምረኸን የለም? ታዲያ አባባን ምኑን ነው ያመመው?

ይህን ሁሉ ሳልጽፍልህ በሆዴ ይዤው ልኖር ነበር። ያስጻፈኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ አባባ እጁን አላነሳም፤ መኪናዎቹም አልቆሙም። ሬዲዮውን የነካው የለም። ምሽት ላይ ዘጋግተን ሠራተኞቹ ሄዱ፣ እኔም አባባን ደጅ ወንበር ላይ አስቀምጬ አንዲት እቃ ከጎረቤት ሱቅ ልገዛ ሄድኩ። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ደንግጬ ወደ ውስጥ ስገባ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጧል። ሬዲዮው እንደጠፋ ነው። አፉን አስጠግቶ፣ ሰው እንዳይሰማበት እንደፈራ ሁሉ በቀስታ «ድንቡሼ» አለ።

ከዚያ ጠበቀ። ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አዘንብሎ ጠበቀ። መልስ ሲያጣ እንደገና «ድንቡሼ» አለ፤ እንደገናም ጠበቀ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እንደ ልማዴ «አቤት» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔን አልነበረማ የጠራው። ውሃም፣ መቀስም፣ ድመትም አልነበረም የጠራው። ደግሞ ንገረኝ እስቲ፣ የተጫረ ሸክላ መልስ ይጠብቃል? ቃሏ አልጠፋችም፤ እኛ እንዳንሰማበት ነው የደበቃት። አንተ ስለሳቅክበት አፍሮባት ነው የደበቃት።

ስለዚህ የምልህን ስማ፤ ልመና አይደለም። ይህን ደብዳቤ በፕሮግራምህ እንዳታነበው። በሬዲዮ ይቅርታ እንዳትለው፤ ከዚያ ሳጥን የሚወጣ ነገር በቃው። በሚመጣው ቅዳሜ በአንተ ሰዓት ዘፈን ያጫውቱበት፤ አንተ ተሳፍረህ ና። መቅረጫ እንዳትይዝ፣ ያንን ጋዜጠኛም እንዳታስከትል። ስትገባ ለማንም ምንም እንዳታስረዳ። ዘምዛሚያችን ትገላምጥሃለች፤ ቻለው። አጠገቡ ተቀመጥና ጠብቅ። ምናልባት ቀኑን ሙሉ ፊቱን ያዞርብሃል። አንተም ወደ ዞረበት ዞረህ ተቀመጥ።

ከጠራህ ግን፣ አንድም ቃል ሳትጨምር፣ ልጅ ሆነህ ከመንገድ እየሮጥክ ስትመጣ ትለው እንደነበረው፣ አቤት በለው።

እህትህ፣
በአንተ ፈንታ «አቤት» ስትል የከረመችው።