አንድ ስም፣ ሁለት ጉሮሮ

ይድረስ ለአበልጄ፣
ጂዳ።

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? የጂዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? አዲሷ መዳምሽስ ሰው ናት? ጉልበትሽን የሚያምሽ ቀነሰልሽ? ከልቤ ነው የምጠይቅሽ፤ ተናድጄም ቢሆን ጤና ሳልጠይቅ ደብዳቤ መጀመር አላውቅበትም። ከዚህ ቀጥሎ “እኔ ደህና ነኝ” ተብሎ ይጻፍ ነበር። እሱን ዝለይው።

ስልኬን ብሎክ አድርገሻል፤ ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። ሹፌሩ ሸምሱ ዕቃ ጭኖ ወደ ጂዳ ስለሚመጣ፣ ከእጅሽ ሌላ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። አበልጅ አንቱ እንደሚባል አውቃለሁ። እኛ ግን አንድ ፍራሽ ላይ ስምንት ዓመት ተኝተን አንቱ የሚባል ነገር አላወጣንም፤ አሁንም አልጀምርም።

ነሐሴ ላይ የአረቡ ቂጣ፣ ኹብሱ፣ ደረቴ ላይ እየቆመ ሲያስቸግረኝ ሳቅሽብኝ። ቀስ ብለሽ ብዪ፣ የሚቀማሽ የለም አልሽኝ። መስከረም ላይ ሩዙም እምቢ አለኝ። ጥቅምት ላይ ኹብስ በሻይ አርሼ እንደ ሕፃን ስበላ ስታዪ ነው ሳቅሽን የተውሽው። የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽን፣ ኢቃማሽን፣ ያወጣሽውም አንቺ ነሽ፣ እኔ አልጠየቅኩሽም። “እኔ ከፊል፣ ሕጋዊ አሠሪ፣ አለኝ፣ መድን አለኝ፤ አንቺ ከአሠሪሽ የጠፋሽ ሰው ነሽ፣ በስምሽ ብትሄጂ ከሆስፒታሉ በር ወደ ተርሂል እስር ቤት ወስደው ወደ አገርሽ ይጠርዙሻል” ብለሽ ካርዱን እጄ ላይ አኖርሽው። ጭምብልና ጥቁር ሻርፕ ካደረግን ለነሱ ሁላችንም አንድ ነን ብለሽ አሳቅሽኝ። እውነትሽን ነው፣ እዚህ መንሱራ ሰፈር ውስጥ ስንቱ እንዲህ ታክሟል! በወንድሙ ኢቃማ ትርፍ አንጀቱን ያስወጣ እንኳ አለ።

ስምሽን ሁለት ቀን ተለማመድኩት። የአባትሽን ስም፣ የአያትሽን፣ የተወለድሽበትን ቀን። ነርሷ ስትጠራሽ ተነሳሁ። ካሜራ ያለው ቱቦ በአፌ አስገብተው አዩኝ፤ ከውስጥም ለምርመራ ትንሽ ሥጋ ቆርጠው ወሰዱ። ፋይሉ ላይ ያለው ስልክ ያንቺ ነውና ውጤቱ ሲደርስ የተደወለው ላንቺ ነው። “ያንቺ አረብኛ ከወጥ ቤት አያልፍም፣ የሐኪም ቋንቋ አይገባሽም፣ እኔ ልሂድልሽ” አልሽ። ሄድሽ።

ስትመለሺ ኪኒን፣ ማርና ተልባ ይዘሽ መጣሽ። ጨጓራ ነው፣ ቁስለት፣ ኸላስ፣ ቀላል ነው አልሽኝ። እኔም እልል አልኩ። እልል ማለቴ ትዝ ይልሻል? ለልጄ ደውዬ ዳንኩ ያልኳት በዚያው ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ተልባ በጠበጥሽልኝ። ሥራ የሚረፍድብሽ ቀን እንኳ አልተውሽም። አየሽ፣ አንጀቴን የሚያቃጥለኝ እሱ ተልባ ነው። ብትጠዪኝና ብትከጂኝ ይገባኝ ነበር። እያወቅሽ ማንኪያ በአፌ የምታስገቢው ግን ምን ዓይነት ሰው ብትሆኚ ነው? አንድ ቀን ሳህን እያጠብሽ ስታለቅሺ አገኘሁሽ። ምነው ስልሽ መዳም ሰድባኝ ነው አልሽ። እኔ ሞኟ አብሬሽ ቁጭ ብዬ ያቺን ምስኪን መዳም ስረግምልሽ ዋልኩ።

ከጥምቀት ማግስት ሻንጣሽን ይዘሽ ጂዳ ወዳለው አዲሱ ከፊል ስትሄጂ፣ እኔ ወተት መዋጥ ጀምሬ ነበር፤ ሌላ ነገር አይወርድም። በሩ ላይ አቅፈሽኝ አለቀቅሽኝም። ስለምትናፍቂኝ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት መንሱራ፣ በቅመማ ቅመም ሱቁ በር ላይ፣ አንዲት ሴት በስምሽ ጠራችኝ። ለምጄው የለ፣ ዞርኩ። ኸዲጃ ትባላለች፤ ያ ሆስፒታል ውስጥ ታጸዳለች፣ አበሻ ታማሚ ሲመጣም እየተጠራች ታስተረጉማለች፤ ያኔ ቱቦው ሲገባ ፊቴን አይታው ኖሯል። ደንግጣ አለሽ እንዴ አለችኝ። ሐኪሙ ስንት ጊዜ አስደወለልሽ፣ ሕክምና አልፈልግም ብለሽ ፈርመሽ ወጣሽ ሲሉ ሰማሁ፣ ምን ነክቶሽ ነው እህቴ አለችኝ። የያዝኩት ኮረሪማ ከእጄ ወደቀ። ያላ፣ እንሂድ ብላ እጄን ይዛ ሐኪሙ ጋ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው። ኸዲጃ አጠገቤ ሆና አስተረጎመችልኝ። ቧንቧ እየሳለ አስረዳኝ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ዓይነቱ ብዙ ነው አለ። ከጡንቻው የሚነሳ አለ፣ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሴሎች የሚነሳ አለ፤ እነዚህ ብርቅ ናቸው፣ በሃያ ዓመት ሁለቴ ብቻ ነው ያየሁት አለ። ከታች፣ ጨጓራው አፍ ላይ፣ ቃር ለዓመታት እየወጣ የሚያመጣው አለ። ያንቺ ከመሀል፣ ከውስጠኛው ሽፋን የተነሳው ነው፤ በእናንተ አገር የሚበዛው፣ የተለመደው አለኝ። የሚፋጅ ነገር ትወጃለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የአርሲ ልጅ ገንፎ እስኪበርድ ጠብቃ ታውቃለች እንዴ? አንቺም እንደኔው ነሽ።

ብርቅ በሽታ ቢሆን ምን ይደረግ እል ነበር። የታወቀ ነው፤ ሕክምናውም የታወቀ። ያኔ የስድስት ሳምንት ጨረርና ኬሞ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞልኝ ነበር። ቀጠሮ ተይዞልኝ ነበር፣ አበልጄ! አሁን እንደገና ራጅ ሲያነሱኝ አጠገብ ወዳሉት ንፍፊቶች ተሻግሯል። በሩ አልተዘጋም፣ ግን ጠቧል አለኝ።

የፈረምሽበትን ወረቀት አሳየኝ። ከስምሽ መጨረሻ ላይ የምታዞሪያትን ጭራ የት ባያት አውቃታለሁ። ቀኑን በእኛ ብቆጥረው የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ ተልባውን ይዘሽ የገባሽ ቀን።

ቀጥሎ ያለውን ነው ያልጠበቅሽው። ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ሌላ ወረቀት አወጣ። ባንቺ ስም፣ ባንቺ ኢቃማ፣ በሌላ ሆስፒታል በጥር የታየ ጉሮሮ፤ ንጹሕ፣ ምንም የለበትም ይላል። ለካ አዲሱ ከፊል በስምሽ ካንሰር ተጽፎ እንዳያገኝ ራስሽ ሄደሽ ቱቦውን ውጠሽዋል። ስምሽን ለማጽዳት የሮጥሽውን ሩጫ ግማሹን እኔ ጋ ብትሮጪው ምን ነበር? “አበልጄ፣ ካንሰር ነው፣ በእኔ ካርድ ከቀጠልሽ እኔ እጠፋለሁ፣ ሌላ መላ እንፈልግ” ብትዪኝ፣ በማግስቱ እጄን ሰጥቼ አገሬ እገባ ነበር። አራት ወር ደበቅሽኝ! ሐኪሙ ይህ በሽታ በሁለት ወር አይጠፋም፤ አንድ ስም፣ ሁለት ጉሮሮ፤ የማን ነው የታመመው አለኝ። ነገሩን ለሚመለከተው ማሳወቅ ግዴታው ነው።

የራሴን ስም ነገርኩት። ከጥቅምት ወዲህ አፌ ረስቶት ነበር መሰለኝ። ካርዷን ሰርቄ ነው፣ እሷ አታውቅም አልኩ። ፊርማውስ ሲለኝ፣ እሱንም እኔ ነኝ ያስመሰልኩት አልኩ። ለምንድን ነው ታዲያ የራስሽን ሕክምና አልፈልግም ያልሽው አለ። ፈርቼ ነው አልኩ። ሐኪሙ አላመነኝም፣ ግን ጻፈው።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሕክምናዬን የከለከልኩት እኔ ነኝ። አንቺን የሚጠይቅሽ የለም። ውጤቱን በስሜ አድርጎ ጽፎልኛል፤ እሑድ ለተርሂል እጄን እሰጣለሁ። አዲስ አበባ ለጨረር ወረፋ አለ ይላሉ፣ እንግዲህ እሰለፋለሁ። ይቅር ብላኛለች ብለሽ ደግሞ ደስ እንዳይልሽ። አላልኩም። ሌሊትና ቀን አንቺን ስሰድብ ነው የምውለው፣ የማድረው።

ልጄ ቃልኪዳን ደህና ናት። በመስከረም ሰባተኛ ክፍል ትገባለች። ቁመቷ ባየሽው! ምንም አልነገርኳትም። ክርስትና እናቴ ለምን አትደውልም ብላ ስትጠይቀኝ፣ ሥራ በዝቶባት ነው እላታለሁ። በሰማንያ ቀኗ ታቅፈሻት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጪ ቄሱ እናት ሁኛት ብለው ሲያስረክቡሽ እኔም ሰምቻለሁ፣ አንቺም ሰምተሻል።

ከፊልሽ መልካም ይሁንልሽ። ኢቃማሽ አይቋረጥብሽ። ጉልበትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ፣ ሥራሽ ላይ ያቆይሽ። ሻይሽን አብርደሽ ጠጪ። የልጅቷን ስልክ ከታች ጽፌልሻለሁ፤ ብሎክ ካደረግሽው ክፈችው።

አበልጅሽ፣
ከመንሱራ፣ ሪያድ።