ለስፌት የተተወ ትርፍ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የስፌት መኪናውን ፔዳል ስትረግጪ ቀኝ ጉልበትሽን እንደሚያምሽ ስለማውቅ ከሁሉም አስቀድሜ እሱን ልጠይቅ። ዓይንሽስ እንዴት ነው? መነጽር አድርጊ ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩሽ! አሁንም መርፌ ላይ ክር ለማስገባት መንገደኛ የምትጠሪ ከሆነ እንግዲህ ምን እልሻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። በጣም ደህና ነኝ። ምን ያህል ደህና እንደሆንኩ ልነግርሽ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ስልክ ስደውልልሽ ድምፄን እንደሰማሽ ትዘጊብኛለሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ! ወይ አንቺ እልኸኛ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ብትቀዳድጂውም ቁርጥራጭ ካልገጣጠምሽ እንቅልፍ ስለማይወስድሽ መልሰሽ ገጥመሽ ማንበብሽ አይቀርም።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የዩኒፎርም ጨርቅ እስከ ጣራ ተቆልሎ፣ ሜትሬን ከአንገቴ አውልቄ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩና ጥዬሽ ወጣሁ። የመምህራን ማሰልጠኛው የሚከፈተው ያኔ ስለሆነ ነው እያልኩ ለሁሉም አወራለሁ፣ ውሸትም አይደለም። ግን እኮ ስድስት ወር ቀድሜ ልነግርሽ እችል ነበር። ፈራሁሽ። አርባ አራት ዓመት ሞልቶኝ ፈራሁሽ! ሃያ ሦስት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ አንቺ ቀሚሱን እኔ ሱሪውን ስንሰፋ፣ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው ግንባርሽን ነበር። ያ ግንባር ሲቋጠር ለማየት ወኔ አጣሁ። የዚያን ዓመት ሱሪ ሁሉ ብቻሽን እንደተወጣሽው ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ነግሮኛል። ይቅር በይኝ፣ እህቴ። ይህን ፊት ለፊት ማለት ነበረብኝ።

አንቺም ብትሆኚ አልማርሽኝም። በዚህ ዕድሜሽ ደብተር ተሸክመሽ ልትዞሪ ነው አልሽኝ። ልጆቹ መሳቂያ ያደርጉሻል አልሽኝ። በሩ ላይ ቆመሽ ደግሞ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ ዓመት አትቆዪም፣ ስትመለሺ መኪናሽን አቧራ ውጦት ታገኚዋለሽ አልሽኝ። የእኔ አፍ መች ያርፋል፣ ከእንግዲህ መርፌ ብነካ እጄን ይቁረጠው ብዬ ማልኩ። ከዚያ አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ መስኮቱን ተደግፌ አለቀስኩ።

ማሰልጠኛው ውስጥ በዕድሜ የሚቀርበኝ ሰው የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ ብቻ ነበሩ። ወጣቶቹ ሰልጣኞች ማዘር ይሉኛል። በመጀመሪያው ቀን ዘበኛው ልጅ ለማስመዝገብ የመጣሁ መስሎት ወላጆች በዚያ በኩል ነው ብሎ አባሮኛል። ሒሳቡ ግን አልከበደኝም። የወገብ ልክ ለስምንት ስንከፍል የኖርን ሰዎች ክፍልፋይ ያስፈራናል እንዴ? የከበደኝ መቆሙ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አቀርቅሬ ስሠራ ኖሬ፣ ቀና ብዬ ሃምሳ ጥንድ ዓይን ሲያየኝ ድምፄ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ።

ለመመረቅ ገምጋሚ ከኋላ ተቀምጦ እያየ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ግድ ነው። ሁለት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል። የመጀመሪያውን ወደቅሁ። በነጭ ጋዋን መቅረብ ስላለብን ከአንዲት ሰልጣኝ ተውሼ ለበስኩ። ልብስ ሰፊዋ እህትሽ በተውሶ ጋዋን! ራሴ እንዳልሰፋ ምያለሁ፣ እዚህ ላለው ሰፊ እንዳልሰጥ ደግሞ የኮሌታ አገጣጠሙን አይቼ ራሴን አሞኛል። ትከሻው ላይ ያዘኝ፣ የግራ እጅጌው መዳፌን ሸፈነው። ግራ እጄ ያኔ በልጅነታችን ከአጥር ላይ ከወደቅን ጀምሮ ከቀኙ እንደሚያጥር አንቺና እኔ ነን የምናውቀው። ሰሌዳው ላይ አንድ ቁጥር ተሳሳትኩና ማንም ሳያይብኝ በዚያው በረጅሙ እጅጌ ጠረግሁት። ገምጋሚው ግን አይተዋል። ድምፅዋ አይሰማም፣ ስህተቷን ትደብቃለች ብለው ጻፉብኝ።

የዚያን ዕለት እግሬ መናኸሪያ ወሰደኝ። ትኬት ልቆርጥ ወረፋ ይዤ ነበር እኮ! ተራዬ ሲደርስ በሩ ላይ የቆምሽው አቋቋም ትዝ አለኝና ወጣሁ። አመሻሹ ላይ ለጫማ ሰፊው ደውዬ መውደቄንም፣ ጋዋኑንም፣ እጅጌውንም፣ ሁለተኛው ግምገማ መቼና የት እንደሆነም እያለቀስኩ ነገርኩት፤ አደራ ለማንም እንዳትናገር ብዬ። የእሱን ምስጢር አያያዝ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ሁለተኛውና የመጨረሻው ግምገማ የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ነበር። ከወደቅሁ ጨርቄን ጠቅልዬ ወደ ሱሪዬ መመለሴ ነው። ጠዋት ያንኑ የተውሶ ጋዋን ለብሼ የምገመገምበት ትምህርት ቤት በር ላይ ስደርስ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ጥቅል ይዞ ይጠብቀኛል። ላኪዋ ማን ናት ብዬ ብጠይቀው ስም አልነገረችኝም አለ። ላዩ ላይ ሌላ ዕቃ ብትጭንበት ወዮልህ ብላ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃኛለች፣ ይሄን የሸሚዝ ቁልፍ ማን ነው እንዲህ ያላላው ብላም በሰው ፊት ተቆጥታኛለች አለ። ሰውየው ሲናገር ገና ፍርሃቱ አልለቀቀውም።

ጥቅሉን ብፈታው ነጭ ጋዋን። ካውያው አሁን የተነሳለት ይመስላል። ደወሉ እየተደወለ ስለነበር የተውሶውን እዚያው አውልቄ አዲሱን እየሮጥኩ ለበስኩት። ትከሻው ላይ ቁጭ አለ። እጆቼን ወደታች ብዘረጋቸው ሁለቱም እጅጌዎች አንጓዬ ላይ እኩል ቆሙ። ምን ልበልሽ፣ ክፍሉ ውስጥ ስገባ ወገቤ ቀና ብሎ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ነው፤ ሃምሳ ሁለት ልጆች። ርእሱ የሬክታንግል ስፋት። ድምፄ ወጣ። ኋላ ያሉትም ሰሙኝ። ሰሌዳው ላይ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ሳልኩ፣ ርዝመቱ አርባ፣ ወርዱ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ነው አልኳቸው። ርዝመት ሲባዛ በወርድ አልኩ። ከዚያ ይህ ጉደኛ እጄ አርባ አራት ሲባዛ በሠላሳ አራት ብሎ ጻፈልሽ! አንድ ሺህ አራት መቶ ዘጠና ስድስት። ከሥሩም በኩራት ሁለቴ አሰመርኩ። መቼም ገብቶሻል። በየጎኑ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ለስፌት ትርፍ ተውኩ። ሃያ ሦስት ዓመት አርባን አርባ አድርጌ ቆርጬ አላውቅማ!

ልጆቹ ጠበቃ የሚሏት አንዲት ቀጭን ልጅ አለች፤ ያለ ክርክር ውሃ አትጠጣም። እጇን አውጥታ፣ ቲቸር፣ አርባው ለምንድን ነው አርባ አራት የሆነው አለችኝ። ገምጋሚው ብዕራቸውን አነሱ። እኔም ዳስተሩን አነሳሁ። እውነቴን ነው፣ ልጠርገው ነበር፤ ሰውነቴ ሁሉ ጥረጊው ይላል። ያኔ ጀማሪ ሳለሁ አንቺ የምታደርጊኝ ትዝ አለኝ። ሱሪውን ሰፍቼ በኩራት ሳቀብልሽ ላዩን ዞር ብለሽ አታዪውም ነበር። ገልብጪውና ውስጡን አሳዪኝ ነበር የምትዪኝ።

ዳስተሩን አስቀመጥኩ። ተሳስቻለሁ፣ ለምን እንደተሳሳትኩም ላሳያችሁ አልኳቸው። ከዚህ በፊት ልብስ ሰፊ እንደነበርኩ፣ እጄ ደግሞ በየጎኑ ሁለት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ሳይተው መቁረጥ እንደማያውቅ ነገርኳቸው። ጋዋኑን አውልቄ ገለበጥኩና ስፌቱን እንዲነኩት በየረድፉ አዞርኩላቸው። በውጭ የማይታይ ጨርቅ ውስጥ ተደብቆ ሲያገኙ አፋቸውን ከፈቱ። ሳቁ? አዎ ሳቁ። ግን አብሬያቸው ስቄያለሁ፣ እንዲህ ያለ ሳቅ ደግሞ ከየትም አይገኝም። በየራሳቸው ያለ ትርፉና ከነትርፉ እንዲያሰሉ አዘዝኳቸው። ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት ልዩነት ብላ ጠበቃ ከሁሉም ቀድማ ጮኸች። ስፋት ምን እንደሆነ ያን ቀን ያልገባው ልጅ የለም።

ግን አላለቀም። ይህቺው ጠበቃ ማስመሪያዋን አውጥታ የጋዋኑን ትርፍ ለክታለች። ቲቸር፣ ሁለት ነው ብለሽ አልነበር፣ ይሄ እኮ አምስት ነው አለችኝ። የለም፣ ሁለት ነው ብዬ ሄጄ አየሁት። አምስት ነው። በሁለቱም ጎን፣ በትከሻውም፣ በእጅጌውም፣ ከታች ጫፉም ላይ ሳይቀር አምስት አምስት። የክሩ መጨረሻ ደግሞ በየቦታው ሦስት ጊዜ ወደኋላ ተመልሶ ተቋጥሯል። እንደዚያ የሚቋጥር ሰው በሕይወቴ ያየሁት አንድ ነው።

ለምን አምስት ሆነ ብለው ሃምሳ ሁለቱም ይጠብቁኛል። የተቋጠረውን ክር በጣቴ ዳሰስኩት። እንደምንም ብዬ፣ ትርፍ የሚበዛው ልብሱ ብዙ ዓመት ይለበሳል ተብሎ ሲታሰብ ነው፣ ለባሹ ሲወፍር በየጊዜው እየተፈታ ይሰፋለታል አልኳቸው። ስንት ዓመት አለችኝ ጠበቃ። እኔ እንጃ፣ ጡረታ እስክወጣ ሳይሆን አይቀርም አልኳት። ደወሉ ባይደርስልኝ ኖሮ እዚያው ማልቀሴ ነበር።

ሰማንያ ዘጠኝ ሰጡኝ፣ እታለም! ሰማንያ ዘጠኝ! ስህተቷን ገልብጣ አስተማረችበት ብለው ጽፈውልኛል፤ ወረቀቱን ቅጂ አስነስቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ያ ኮስታራ ሰውዬ ሊወጡ ሲሉ ጠጋ ብለው ይህን ጋዋን የት ነው ያሰፋሽው አሉኝ። ስም አልተነገረኝም አልኳቸው። ማዘር፣ ማዘር እያሉ እነዚያ ልጅ ሰልጣኞች በግቢው ተሸክመው አዞሩኝ፤ ኪሎዬን እያወቁ! እዚያው ትምህርት ቤት ተመድቤያለሁ። መምህራን ክፍል ውስጥ ባለ ቁልፍ መሳቢያ ተሰጥቶኛል፤ ጠመኔዬንና ከቤት ይዤው የወጣሁትን አሮጌ ጣት መከላከያዬን አስቀምጬበታለሁ። መንገድ ላይ ስሄድ ከማዶ ቲቸር ብሎ የሚጠራኝ አለ። ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰለኝ ዞሬ አያለሁ።

እንግዲህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ጋዋኑን የሰፋችልኝን ሴት እዚያ አካባቢ ካገኘሻት ልኩ ልክክ ብሏል በይልኝ። አንቺና እሷ ግን የምትስማሙ አይመስለኝም። አንቺ ዓመት አትቆይም ብለሻል፤ እሷ ደግሞ አምስት ሴንቲ ሜትር ትታልኛለች።

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው እኛ መምህራን ገና እረፍት ላይ ነን። የሱሪውን መኪና ዘይት ቀቢልኝ። አቧራውን እኔ እጠርገዋለሁ፣ ካለበት ማለቴ ነው፤ ጫማ ሰፊው በየሳምንቱ እየወለወልሽ ጨርቅ ታለብሺዋለሽ ብሎኛል። የአንድ ተማሪ ቁልፍ ተክዬ መሐላዬንም አፍርሼዋለሁ፣ እጄም አልተቆረጠም። ሜትሬ ሚስማሩ ላይ ካለ አታንሺው።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ዓይንሽን ያቆይልሽ፣ እጅሽን ይባርክልሽ። ክፉ አይንካሽ።

ሱሪ ሰፊዋ ታናሽሽ፣
ቲቸር