በዳማ አፍ ላይ የነበረው ደም

ማክሰኞ

አባ ዛሬም ደወለ። ሁለት ፍየል ተበላ። ከባለፈው ወር ወዲህ አምስት ሆኑ። «ዬዪ ነው» ይላል በኦሮምኛ፣ ተኩላ ማለቱ ነው። «ሁለት ናቸው፣ ከገደሉ ሥር ሲወጡ አይቻለሁ።» ቀበሌ ሄዶ ሲናገር ሳቁበት። እዚህ ተኩላ የለም፣ ጅብ ይሆናል አሉት። ዕድሜውን ሙሉ ሐርላ የኖረ ሰው ጅብ ጠፍቶት ነው?

ግን ለምን እዋሻለሁ። አንድ ዓይኑን ሞራ ከሸፈነው ወዲህ እኔም እጠራጠረዋለሁ። ለነገና ከነገ ወዲያ ከልብስ ፋብሪካው ፈቃድ ወሰድኩ። አለቃዬ ፊቷን አጨማደደች፣ ፈቀደች።

ረቡዕ

ሐርላ፣ አባ ቤት ነኝ። ከግብርና ቢሮ ባለሙያ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አባን «አባባ፣ እርስዎ» ይላል።

ሲደርስ የአባ ውሻ ዳማ አፉ በደም ተነክሮ በር ላይ ተኝቷል። አውሬ የገደለው በክት ነው፣ አይበላም፤ እኛ ቤት ለውሻ ነው የሚሰጠው። አባም እንደ ልማዱ የተገደሉትን ፍየሎች ጎትቶ ሰጥቶት ነበር። ማስረጃውም ተበላ፣ ዳማም ተከሰሰ። አባ ቢያስረዳ ቢያስረዳ ማን ይስማው። «አባባ፣ ደም የቀመሰ ውሻ አይተውም» አለና ወረቀቱ ላይ «ውሻ» ብሎ ጻፈ። መርዝ በላስቲክ ቋጥሮ ሰጠን።

ጎረቤቶች ሰምተዋል። የእነሱም ፍየሎች ተበልተዋል። ሐሊማ፣ ያሳደገችኝ ጎረቤታችን፣ ሰላም ሳትለን አለፈች። አባን ከሁሉ በላይ ይሄ ነው የጎዳው።

ሐሙስ

«አባ፣ ሰውየው ተምሮ ነው የመጣው» አልኩት። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ።

«አንቺም አታምኚኝም?» አለ።

 የሰፈር ሰው እያኮረፈህ እንዴት ትኖራለህ አልኩት። ይሄ እውነት ነበር። አባ «እንዳልሽ» ብሎ ወደ መስጊድ ሄደ። ሲሄድ ዳማን አላየውም።

ዳቦ ወተት ነክሬ መርዙን ጨመርኩበት። ከእጄ ነው የበላው። ጅራቱን እየቆላ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አርብ

ሥራ ገባሁ። አሥራ አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ሁሉንም መልሰው አስፈቱኝ። ማታ ወደ ሐርላ ተመለስኩ፤ አባን ብቻውን መተው አልቻልኩም። አባ እራት አልበላም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

አየኋቸው። ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ተነሥቶ። ሁለት። እግራቸው ረጅም፣ ጆሯቸው ቀጥ ያለ። ከገደሉ ሥር ወጥተው በጓሯችን በኩል ገቡ፣ የሚጮህባቸው የለም። አንዷን ፍየል አንገቷን ይዘው ሲጎትቱ ሐሊማም አየች፣ ልጆቿም አዩ። ለካ እስከዛሬ ግጦሽ ላይ ብቻ የሚነጥቁት፣ ግቢያችን የማይገቡት ዳማን ፈርተው ነበር።

ባለሙያው ጋ ደወልኩ። «ፎቶ አንስተሻል?» አለኝ። አላነሳሁም። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። «እንግዲህ ያለ ፎቶ ይከብዳል። የሌላ ሰው ውሻ ይሆናል» አለ። በጨዋ ድምፅ። እኔም ሐሙስ ዕለት ድምፄ እንደዚሁ ነበር።

እሑድ

ጎረቤቶች ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። ሐሊማ ቀድማ ገባች፣ አባን ቀና ብላ ማየት አፈረች። ሻይ እየቀዳሁ ነበር።

«እንደዚያ ያለ ውሻ ማን ግደል አለህ?» አለችው። «ማነው የመረዘው?»

ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ። አባ ወደ እኔ ሳይዞር «እኔ ነኝ» አለ። «ዓይኔ ደክሟል፣ የሰው ወሬ ሰማሁ። በእጄ አበላሁት።»

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። አንዱ ሽማግሌ «እንዴት አስቻለህ?» አለው። አባ ወቀሳውን ተቀበለ። እኔ የፈሰሰውን ሻይ ጠረግኩ።

ሲሄዱ እውነቱን ልነግራቸው ተነሣሁ። «ነገ ሥራ አለሽ፣ ሳይመሽ ግቢ» አለኝ አባ። ባጃጅ ድረስ ሸኘኝ፣ ድንጋዩን በዱላው እየዳሰሰ። «አባ» አልኩት። «በሰላም ግቢ» አለኝ። ባጃጁ ተነሣ።