ከአሥራ አራቱ ዘጠነኛው

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ግራ እጇን ማንቀሳቀስ ጀምራለች ብለሽኝ ነበር፤ እሰየው። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ልልሽ ግን አፌ እምቢ ብሎኛል።

ይህን ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። ስለዚህ ልጻፈው።

ስለ ቤትሽ ነው። ባልሽ ሲሞት ወንድሞቹ «የጋብቻ ወረቀት የላትም» ብለው ሲከሱሽ፣ ጠበቃው ጉዳይሽን የያዘልሽ እኔ ጸሐፊው ስለነበርኩ ነው። እሱ ኮምፒውተር አይሆንለትም፤ የቀድሞ ፍርዶችን ከኢንተርኔት የምፈልግለት እኔ ነበርኩ። ለቀጠሮሽ አምስት ቀን ሲቀር ጠራኝና፣ እንዳንቺ የጋብቻ ወረቀት ሳይኖራት ከሰው ጋር የኖረች ሴት ቤት የተካፈለችበት ፍርድ ካለ እንድፈልግ አዘዘኝ።

ፍርዶቹ የተደረደሩት በርዕሰ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ «ጋብቻ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሺህ ምናምን ዘረገፈልኝ። «ውርስ» አልኩ፤ ያው ነው። ከዚያ «ጋብቻ ሳይፈጸም አብሮ መኖር» የሚል ርዕስ አገኘሁ። ሥሩ ያሉት አሥራ አራት ብቻ ነበሩ። ዘጠነኛውን ስከፍተው ያንቺን ኑሮ የማነብ መሰለኝ። ሴትየዋ እንዳንቺው አሸዋ አስጭና፣ ለግንበኛው ውኃ ተሸክማ ባሠራችው ቤት ከሰውየው ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። ልጅ አልወለዱም። ፍርድ ቤቱ የቤቱ ግማሽ ይገባታል ብሏል።

አተምኩት። ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር መሳቢያዬ ውስጥ ስከተው። ጠበቃው መጥቶ «ተገኘ?» አለኝ።

«ምንም የለም» አልኩት።

ያን ዕለት ጠዋት እማዬን አጥቤ፣ አንሶላዋን ቀይሬ፣ አጉርሼያት ነበር የወጣሁት፤ ከታመመች ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዳደረግኩት። ቦርሳዬ ውስጥ የዚህ ከተማ የሥራ ደብዳቤ ነበር፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል። አንቺ ደግሞ በዚያው ሰሞን «ቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ? እማዬን አንቺው ያዥልኝ» ብለሽኝ ነበር።

ፈረዱብሽ። በሁለት ሻንጣ እናታችን ቤት ገባሽ። እኔ በሳምንቱ ሄድኩ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝተሽኝ፣ ብዙ ለፍተሻልና ትንሽ እረፊ ስትዪኝ ቀና ብዬ አላየሁሽም።

ትናንት ለጠበቃው ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። የፍርዱን ቁጥር አስነግሮኝ ጻፈና፣ ለይግባኝ አሥራ ሁለት ቀን እንደቀረ ነገረኝ። ይቅርታ ስለው፣ «እኔን አይደለም የምትጠይቂው» ብሎ ዘጋው። ከመሳቢያዬ ይዤው የመጣሁትን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሰው እጅ ልኬልሻለሁ። ዛሬ ነገ ሳትዪ ቢሮው ሄደሽ ፈርሚ፤ እየጠበቀሽ ነው።

ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ቤትሽ ቢመለስልሽም ባይመለስልሽም ከእንግዲህ እማዬን የምይዘው እኔ ነኝ። ባታናግሪኝ አልፈርድብሽም።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥሽ፤ በገዛ በርሽ ገብተሽ አረፍ የምትዪበትን ቀን ያሳየኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ እማዬ «ለምን ተመለሰች?» ካለችሽ፣ ሥራው አልተስማማትም በያት።

ታናሽሽ